የጄሊፊሹ ቅምቅማት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጋሽ ሚሊሜትር ሱቅ የወጣ ልብስ ተመልሶ አያውቅም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ጋሽ ሚሊሜትር ናቸው፤ የጠየቃቸው ኖረም አልኖረም ይናገራሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ሱሪው አጥሮ፣ ወሬው ረዝሞበት ይወጣል። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ያወጣው ለማሾፍ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለው በራቸው ላይ በቀይ ቀለም አጻፉት።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃታቸው ቆየ። ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌና አንድ ጥቅል ክር ይዘው ፀጉር ቤቱ ጎራ ይሉና፣ ውለታ የሚውሉለት ይመስል፣ «እስቲ እጅህ ይፍታታ፣ እነዚህን አስገባቸው» ይሉታል። ሰውየው ያስገባል። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁንም እሳቸው ያውቃሉ፤ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። የመነጽር ነገር ከተነሳ ግን ጋሽ ሚሊሜትር ፊታቸው ይቀላል። «የኔ ዓይን ጣቴ ላይ ነው» ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ የምትሠራው ሴት ልጃቸው ናት። አርባ ዓመት ሞልቷታል፤ የቁልፍ ቀዳዳና የመጨረሻ ማስተካከያ የእሷ ሥራ ነው። ወሬ አታበዛም። ምሳ ሰዓት ላይ አባቷ ፀጉር ቤት ሄደው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወጉ እሷ አትከተላቸውም። «አንተ ሂድ አባዬ፣ እኔ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ ይቀረኛል» ትላለች። ሁልጊዜ የቁልፍ ቀዳዳ ይቀራታል።

አንድ ቀን ታዲያ ስለ መነጽር ደግማ አነሳችባቸው። «አንድ ሥራ ቢመለስብህስ?» አለች። ጋሽ ሚሊሜትር ደንበኛ ፊት ነበሩና ደማቸው ፈላ። «የሰፋሁት አንድ ሥራ ከተመለሰ መቀሴን እሰቅላለሁ። ሱቁን ላንቺ ትቼ ቤቴ እቀመጣለሁ» አሉ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቃል በቃል ያዘው።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ጸጽቷቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እቤት ድምፅ ያለው ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማቀዝቀዣ ጋር መቀመጥ ይፈራሉ፤ እውነቱ ይኼ ነው። ግን የተናገሩትን መመለስ ደግሞ የሞት ሞት መሰላቸው።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ጉንፋን ጥሏት ቀረች። በዚያው ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት ቁመቷን የሚያክል የተጠቀለለ ወረቀት ተሸክማ ገባች። የሙዚየም ተመራማሪ ናት። ለባሕር እንስሳት ኤግዚቢሽን ከጣሪያ የሚንጠለጠል፣ ወርዱ ሦስት ሜትር የሆነ ጄሊፊሽ በጨርቅ እንዲሰፋላት ትፈልጋለች።

«ዓሣ ነው?» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር።

«ዓሣ እንኳ አይደለም። አጥንት የለውም፣ ደም የለውም፣ ልብ የለውም፣ አንጎልም የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ዣንጥላ የሚመስል አካል አለው። ከሥሩ መሐል ላይ አፍ አለው። የበላውም በዚያው በአፉ ተመልሶ ይወጣል።»

«በአንድ በር?»

«በአንድ በር።»

ጋሽ ሚሊሜትር ለእንስሳው አዘኑ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ትልልቁን መስመር በደንብ ያዩታል። መሐል ላይ በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተሣሉ አራት ነገሮች ነበሩ። «እነዚህስ ጌጥ ናቸው?» አሉ።

«የመራቢያ አካሎቹ ናቸው።»

ጋሽ ሚሊሜትር በሩን ዞር ብለው ተመለከቱ። «ይኼን ሁሉ ሕዝብ ሊያየው?»

«ገላው ብርሃን ያሳልፋል ጋሼ። ውስጡ ያለው ሁሉ ከውጭ ይታያል።»

«ግድ የለም ዶክተር፣ በኔ ይሁን፣ ገበር እናድርግለት።»

ገበር እንደማያስፈልግ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከአፉ የሚወርዱትን አራት ክንዶች፣ ዳር ዳሩን የሚንጠለጠሉትን ቀጫጭን ክሮች ተራ በተራ አሳየች። «ጠርዙ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር አለ» ብላ ጣቷን ወደ ዳር ስትወስድ ስልኳ ጠራ። አውርታ ስትጨርስ ከሙዚየሙ በአስቸኳይ ተፈልጋለች። «የቀረው በጽሑፍ አለ፤ ከያንዳንዱ ነገር ጎን ተጽፏል» አለች።

«አይጨነቁ» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። ጽሑፉ ለሳቸው ወረቀቱ ላይ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ ነበር።

አምስት ቀን ብቻቸውን ሠሩ። ኦርጋንዛ የሚባለውን ስስ ጨርቅ እንደ ዣንጥላ ስምንት ቦታ ቀደው ገጣጠሙት። ኦርጋንዛ እንደ ሳቲን ነው፤ መርፌ የነካውን ቦታ አይረሳም፤ ከተሳሳቱ ቀዳዳው ይቀራል። ስለዚህ ጣታቸውን አስቀድመው፣ መርፌውን አስከትለው፣ እየዳበሱ ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ በቀን ሁለቴ እየመጣ ያያል። ጋሽ ሚሊሜትር «አንጎል የሌለው ነገር እንዴት ይኖራል?» ሲሉት፣ «የኔ ደንበኞች ግማሾቹ እንደሱ ናቸው፣ ፀጉር ግን አላቸው» አለ።

ሐሙስ ዕለት ጠርዙ ላይ ደረሱ። ወረቀቱ ላይ፣ ዙሪያውን በእኩል ርቀት፣ ስምንት ትንንሽ ንክሻዎች ነበሩ። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ንክሻ ምን እንደሆነ መጽሐፍ አይጠይቅም። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ የሚገናኝበትን ቦታ እንዳይስት በመቀስ ጫፍ የሚነክሳት ምልክት ናት፤ ስፌቱ ሲያልቅ እጥፋት ውስጥ ትገባለች። ንክሻዋ ውጭ ቀርታ የምትታይበት ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ሚሊሜትር እንደሚሉት፣ የጨው ጆንያ ቢሰፋ ይሻለዋል። ስምንት ቁራጭ፣ ስምንት ንክሻ፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ጠርዙን አጥፈው፣ የሽቦውን ቀለበት አስገብተው፣ ንክሻዎቹን አንድ ሳያስቀሩ ውጠው ቀመቀሙት። እንዲህ ያለ ክብ ቅምቅማት በሕይወታቸው አልሠሩም ነበር። በጣታቸው ዞሩት፤ አንድም ጎርበጥ የሚል ነገር የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች ተመለሰች። ጄሊፊሹ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ሱቁን ሞልቶት ስለነበር ወደ መኪናዋ የደረሰችው ጎንበስ ብላ በሥሩ ነው። አንድ ሜትር ከማይሞላ በር ሦስት ሜትር እንስሳ እንዴት እንደሚወጣ ልትጠይቅ ስትል ተመራማሪዋ ገባች። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በማግስቱ ነው።

ተመራማሪዋ ቀና ብላ አየችና ፈገግ አለች። ክንዶቹን ነካች፤ ደስ አላት። ከዚያ ዙሪያውን መሄድ ጀመረች። አንዴ ዞረች፤ ደገመች። ፈገግታዋ በየዙሩ እየቀነሰ ሄደ።

«ጋሼ፣ ስምንቱ የስሜት ሕዋሳት የት አሉ?»

«የምን ስምንት?»

«ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያሉት። ዓይኑ እዚያ ነው ያለው። ራስ ስለሌለው ዓይኖቹን የያዘው ዳር ላይ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ብርሃንና ጨለማ የሚለይበት ነጥብ አለ፣ ከሱ ሥር ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ። ገላው ሲያዘነብል ጠጠሮቹ ያዘነብላሉ፣ ላይና ታቹን በዚያ ነው የሚያውቀው። ዣንጥላው እጥፍ ዘርጋ እያለ የሚዋኘውም ከነሱ በሚነሳ ምልክት ነው።»

«እነዚያ ንክሻዎች…» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር፤ ድምፃቸው ወረደ።

«አሁን ይኼ አያይም፣ ላይና ታቹን አያውቅም፣ አይዋኝም።»

ፀጉር አስተካካዩ መቼ እንደመጣ ሳይታወቅ በሩ ላይ ቆሟል። «ተመለሰ ማለት ነው?» አለ።

ጋሽ ሚሊሜትር ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀሳቸውን አዩት። እቤት ያለው ማቀዝቀዣ እዚህ ድረስ ጆሯቸው ላይ ጮኸባቸው።

«ጎን ላይ ተጽፏል እኮ» አለች ተመራማሪዋ፣ ክፋት ሳይኖራት። «አላነበቡትም?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የተጻፈ ነገር አላየሁም» አሉ። በሕይወታቸው ከማሉት መሐላ ሁሉ ይኼኛው እውነት ነበር።

ተመራማሪዋ ከቦርሳዋ የስሜት ሕዋሱን በጣም አጉልቶ የሚያሳይ ፎቶ አውጥታ ሰጠቻቸው። አቀረቡት። አራቁት። ክንዳቸው እስኪያልቅ አራቁት። ልጃቸው መሬት መሬት አየች። ተመራማሪዋ ታዲያ፣ ጥላ የያዘችላቸው ያህል ቀላል አድርጋ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የማንበቢያ መነጽር አውልቃ ዘረጋችላቸው። እንግዳ የሰጠውን ነገር መመለስ ነውር ነው። አደረጉት።

ፎቶው ወደሳቸው ዘሎ መጣ። ጥቁሯ ነጥብ፣ ጠጠሮቹ፣ ከላይ የምትሸፍናቸው ትንሽ ቆብ፣ ሁሉም አለ። «እንዲህ ያለች ነገር ናት?» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺማ በቆብ የተሸፈነች ኪስ ናት። እስከ ከሰዓት እጨርሳታለሁ። የድሮው ቀዳዳ ቢታይም የጠርዙ ክሮች ይሸፍኑታል።»

ተመራማሪዋ መኪና ልታመጣ ሄደች፤ መነጽሯን አልጠየቀችም። ፀጉር አስተካካዩ ግን ፍርድ ፈለገ። «ያ መቀስ ነገር እንዴት ሆነ?»

ከጥግ የልጃቸው ድምፅ መጣ። «ከበሩ እንኳ አልወጣም። ያልወጣ ነገር እንዴት ተመለሰ ይባላል?»

ሰውየው በሩን አየ፣ ጄሊፊሹን አየ። ወርዱን በዓይኑ ለካ። ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነው ብሎ አምኖ ሄደ።

አባትና ልጅ ቅምቅማቱን መተርተር ጀመሩ። ጥቂት እንደሠሩ ጋሽ ሚሊሜትር ካውያውን ሊያመጡ ተነሡ። ካውያው አጠገብ አንዲት ደንበኛ የምትጠብቀው ሰማያዊ የሳቲን ቀሚስ ተሰቅሏል። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፉት ነው። መነጽሩ እንዳለ ነውና እስቲ የእጄን ሥራ ልየው ብለው ተጠጉ። ስፌቱ የተወጠረ ገመድ ይመስል ቀጥ ብሏል፤ ኮሩ።

ከዚያ ከስፌቱ ጎን ሌላ ነገር አዩ። ክር የሌለው የመርፌ ቀዳዳ ተርታ። ተርታው እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ እየተወላገደ ከወገብ እስከ ጫፍ ይወርዳል። ጣት የማይነግረው፣ ዓይን ብቻ የሚያየው ዓይነት ነው። ሳቲን አይረሳም። አጠገቡ የተሰቀለውን ሸሚዝ ገልጠው አዩ። እጅጌው ላይም አለ። የኮቱ ገበር ላይም አለ። የተወላገደው የሳቸው ነው፤ ተተርትሯል። ቀጥ ያለው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ካውያውን ሳይዙ ቆሙ። የምሳ ሰዓቱ ሁሉ፣ ማለቂያ ያልነበረው የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ አንድ ላይ ገባቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመለስ ኖሯል። የተመለሰው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለችው መኪና ስለሆነ ብቻ አልሰሙም። አፈሩ።

ጠረጴዛው ጋ ተመልሰው መቀሱን አነሡና፣ ከልጃቸው መኪና በላይ ያለው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ቀሚሱን አይቼዋለሁ።»

ልጅቱ ወደ ቀሚሱ አየች፤ መነጽሩን አየች። እጇ ላይ ያለው ኦርጋንዛ ቆመ። ተነሣችና መቀሱን ከምስማሩ አውርዳ መልሳ እሳቸው ፊት አስቀመጠችው።

«ያም ከበሩ አልወጣም ነበር» አለች። «ከዚህ ሱቅ ሳይወጣ የተስተካከለ ነገር ተመለሰ አይባልም። ደግሞ እኔ ቀጥ አድርጌ እሰፋለሁ እንጂ እንዳንተ አድርጌ ጨርቅ መቅደድ አልችልም። መቀሱን ብትሰቅለው ማን ይቀድልኛል?»

ጋሽ ሚሊሜትር ተቀምጠው ሰባቱን ኪስ ከነቆባቸው ቀደዱ፣ ሰፉ፤ በያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ጥቁር ዶቃና ሦስት ሦስት ጠጠር ከተቱ። ስምንተኛው ሲቀር ክሩ አለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ያዘጋጃቸው አሥሩም መርፌዎች አልቀዋል። ልጅቱ ልማዷ ሆኖ እጇን ወደ መርፌው ስትሰድ አባቷ ቀደሟት። ክሩን በከንፈራቸው አረጠቡ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሡ፣ አስገቡት። አንዴ ብቻ ሞክረው ነው የገባላቸው።

ከዚያ ለሷ ዘረጉላት።

«ስምንተኛውን ዓይን አንቺ ስፊው» አሉ። «ያንቺ እጅ ነው ቀጥ የሚለው።»