የክሌይን ስም ማጠብ

በእኛ በካሮላይና ተራሮች መቃብር ላይ ሣር ከበቀለ የሟቹ ቤተሰብ ሰነፍ ነው ይባላል። በግንቦት፣ በመቃብር እሁድ፣ ሁሉም መጥረጊያውን ይዞ ይወጣና የሙታኑን አፈር እስኪራቆት ይጠርጋል። ከዚያ አበባ ይደረደራል፣ ይዘመራል፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ጥብስና የበቆሎ ዳቦ ይቀርባል። የወንድሜ የክሌይ መቃብር ግን አፈር የለውም። ይሠሩበት የነበረው የማዕድን ጉድጓድ እሱንና ጓደኞቹን ይዞ ሲደረመስ ሬሳቸውን ማውጣት አልተቻለም። የተረፉት ሰዎች ከጉድጓዱ አፍ በላይ ባለው ገደል ላይ ስማቸውን በመሮ ጫር ጫር አደረጉላቸው። እዚያ ላይ ጭጋጉ አይለቅም፣ ድንጋዩም ውሃ እያንጠባጠበ ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ በየዓመቱ በሽቦ ብሩሽና በበረኪና እናጥበዋለን። በረኪናውን በፒካፔ የማወጣው እኔ ነኝ፤ የክሌይን ስም የምታጥበው ሚስቱ ዴልፊያ ናት። ሰማንያን አልፋ እንኳ ብሩሹን ለማንም አትሰጥም።

ማርላ የዴልፊያ የልጅ ልጅ ናት፤ ያሳደገቻትም እሷው ናት። ተምራ ተመለሰችና የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቀጠራት። ሥራዋ በዚያው ገደል ላይ የሚኖር አንድ የድንጋይ ሽበት የሚባል፣ ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነገር እንዳይጠፋ ዕቅድ ማውጣት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ስቄባታለሁ። ከጥፍር የማይበልጥ፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ግራጫ ነገር ነው፤ ጭጋግ ካላገኘ አይኖርም፣ ሲያድግም ዓመት ሙሉ ቆይቶ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ከእኛ ተራሮች በቀር የትም የለም አለችኝ። እኛስ ከዚህ ሌላ የት አለን ብዬ መለስኩላት።

ሽበቱ ለምን እንደሚሞት ስታጠና ከረመችና ጥፋቱን በመንገደኞችና ገደል በሚወጡ ጎረምሶች ላይ ጣለችው። ዕቅዱን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስታነብ፣ የገደሉ መንገድ ለእንግዳ ይዘጋል፣ በመቃብር እሁድ ለሟች ቤተሰብ ብቻ ይከፈታል አለች። አጨበጨብን። መንግሥት ተራራው የማን እንደሆነ ገና ዛሬ ገባው አልን። ዴልፊያ በኩራት አለቀሰች።

በዚያው ግንቦት ማርላ ለአያቷ ባልዲ ይዛ ስትቆም ዓይኗ ወደ ታች ሄደ። ከክሌይ ስም ሥር አንድ ነጭ መስመር እየወረደ ገደሉን ለሁለት ከፍሎታል፤ በመስመሩ ዳርና ዳር የነበረው ሽበት አመድ መስሏል። ስም ባልተጻፈበት በኩል ግን ለምልሟል። እጄን ይዛ ወደ ፒካፑ ጀርባ ወሰደችኝ።

«አጎቴ፣ ሽበቱን በበረኪና የገደልነው እኛ ነን» አለችኝ። «ሰው ከሰስኩ። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሌሎቹን ስም በእጄ ስፈትግ ኖሬ ሰው ከሰስኩ።»

ለዴልፊያ እኔ እንድነግርላት ለመነችኝ። አንቺ የልጅ ልጇ ነሽ፣ አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል አልኳት። አንተ የባሏ ወንድም ነህ አለችኝ። እንዲህ ስንገፋፋ ቀኑ መሸ፣ ዓመቱም አለፈ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቀዘ። ዴልፊያ ባየችኝ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር፤ ማርላም ዕቅዱን ሳታርም ቀረች።

በሚቀጥለው ግንቦት ማርላ የበረኪናውን ጀሪካን በውሃ ሞላችው። እያየሁ ጫንኩት። ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ ባልቴት ስትታለል እያየሁ ጫንኩት።

ዴልፊያ ጥቂት ፈተገችና ቆመች። እጇን አሸተተች።

«ሆይት፣ ይሄ ውሃ ነው።»

«ሱቅ በረኪና አልቆ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«በረኪና የሚያልቅበት ሱቅ ደግሞ የት ነው ያለው? አንቺ፣ ፊትሽን አዙሪና ንገሪኝ።»

ማርላ ነገረቻት። ነጩን መስመር አሳየቻት፣ ያለ ጥፋታቸው ስለከሰሰቻቸው ሰዎች ነገረቻት፣ ዕቅዱን ያላረመችው እሷን ፈርታ እንደሆነም አልደበቀችም። ዴልፊያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብሩሹን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ጉድጓዱ የተደረመሰ ዕለት ጠዋት ከክሌይ ጋር ተጣልተን ነበር» አለች። «ሸሚዜ አልታጠበም አለኝ። እጅ የለህም ወይ፣ ራስህ እጠበው አልኩት። ያደፈውን ለብሶ ሄደ። እዚህ ውስጥ ያለው ያደፈውን እንደለበሰ ነው። ስሙን እንኳ ንጹህ ላድርግለት ብዬ ነው።»

ይህን አንድም ቀን አልነገረችንም። ያን ሁሉ ዓመት በፍቅር የምታጥበው ይመስለኝ ነበር፤ በፍቅርም ነው መሰለኝ፣ ግን በጸጸት ነበር።

«ምን ያህል ቀረ?» አለች ወደ ገደሉ እያየች።

«በዚህ በኩል የመዳፍሽን ያህል» አለቻት ማርላ።

«እኔን አይጠብቀኝም? ከእንግዲህ ብዙ አልቆይም። እኔ ስሞት ማጠቡን ተዉት።»

ማርላ ከንፈሯን ነከሰች። ይጠብቅሻል እንድትላት በልቤ ለመንኩ። እኔ ብሆን እል ነበር።

«አይጠብቅሽም፣ እማማ» አለች።

ዴልፊያ ተነሣች። ብሩሹን ለእኔ ሰጠችኝና እጄን ሳትይዝ ብቻዋን ወረደች።

ማርላ ዕቅዱን አረመች። የእኛን በረኪና በግልጽ ጻፈች፣ የመንገደኞቹን ስም አነጻች፣ የመቃብር እሁድ በውሃም ቢሆን መፈተግ ቀርቶ በአበባና በመዝሙር ብቻ እንዲሆን አደረገች። ሰፈሩ አኮረፋት። ለግድግዳ ሻጋታ ብላ አያቷን ሸጠች አሉ። በቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ እኔም አንዳንድ እሁድ ራቅ ብዬ መቀመጤን እግዚአብሔር ያውቃል።

በሚቀጥለው ዓመት ዴልፊያ እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ በፒካፔ መጣች፤ ከመኪናው ግን አልወርድም አለች። እኛ ወጥተን ዘመርን። ማርላ በነጩ መስመር ዳር ተንበርክካ ጠራችኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳይ ከአመዱ አጠገብ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አዳዲስ ነገሮች ቀና ቀና ብለዋል። ማርላ አለቀሰች። ቀና ብዬ ስሞቹን አየሁ። ሌሎቹ ደብዝዘዋል እንጂ ይለያሉ። የክሌይ ግን ውሃው በቀጥታ የሚወርድበት ነውና ጥቁሩ ውጦታል፤ የቱ ጋ እንደነበር የማውቅ እኔ እንኳ በጣቴ ፈልጌ አጣሁት።

ወርደን ፒካፑ ጋ ስንደርስ ዴልፊያ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ማርላ ስለ ሽበቱ ልትነግራት ጀመረች፤ አሮጊቷ አልሰማቻትም።

«ስሙ ይነበባል?»

ማርላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መሬቱን አየች።

«ይነበባል፣ እማማ» አለች።

«ሆይት?»

«ይነበባል» አልኩ።

ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችንና መስኮቱን ዘጋችው።