የቀናሁበት አንጀት

ሰው በባል ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በፀጉር ይቀናል። እኔ ዘመናይ ግን ካርቱም፣ ሶባ ሐኪም ቤት ቁጭ ብዬ በሰው አንጀት ቀናሁ።

ባለአንጀቷ ፀደይ ናት። ሁለታችንም የትልቁ አንጀት ቁስለት አለብን። አል-ማንሺያ ጎን ለጎን ባሉ ቪላዎች እንሠራለን፣ ሶባ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን፣ ሐኪማችንም አንድ ነው፤ ዶክተር ጂብሪል። የምንለያየው በአፋችን ነው። እኔ ድንች ቀቅዬ በጨው ስበላ፣ እሷ ፉሏ ላይ ቀይ ሻጣ፣ የሱዳኑን ሚጥሚጣ፣ እየነሰነሰች፣ "ወላሂ እትዬ፣ ሆድሽን አሞላቀቅሽው" ትለኛለች።

አንጀታችን በካሜራ ታይቶ ውጤት ልንሰማ አብረን ገባን። እኔ ደም ካየሁ ወራት አልፈዋል፤ ሽንት ቤት መሮጡም ቀርቷል። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር የተቀመጥኩት። ዶክተሩ ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ፣ "ቁስሉ አልጠገገም" አለኝ።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ!"

"ደህና መሆንሽ ጥሩ ነው፤ መድረሻችን ግን እሱ አይደለም። ከማንሺያ ተሳፍረሽ መኪና ልትቀይሪ ሱቅ ዐረቢ ስትወርጂ ቤቴ ገባሁ ትያለሽ? ውስጡ እስኪሽር እንሄዳለን። እንዲሁ ከተውነው መልሶ ሊያገረሽብሽ ይችላል።" መድኃኒቴን ጨመረው።

ቀጥሎ የፀደይን አሳየን። የሕፃን ድድ የመሰለ፣ ሮዝና ለስላሳ። "አንቺ ደርሰሻል" አላት። "ኪኒኑ ግን ይቀጥላል። ያዳነሽ እሱ ነው፤ ካቆምሽው በሽታው ሊመለስ ይችላል።" ፀደይ ይህን ሰምታለች፤ እልል እያለች ግን ነው የሰማችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከእሷ ርቄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሻጣ የምትበላዋ ድና፣ ድንች የምትበላዋ ልቅር? ካሜራውንም እሷንም ጠላሁ።

በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፀደይ ክፍሌ መጣች። በአንድ እጇ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ይዛለች፤ ከዳንኩ አስገባለሁ ብላ ለእመቤታችን የተሳለችው ነው። በሌላው እጇ ፌስታል ሙሉ ኪኒን።

"ላንቺ ነው እትዬ። እኔ ኸላስ፣ በቃ፣ ድኛለሁ። ስለቴን አስገብቼ ኪኒን ብውጥ፣ እመቤቴን አላመንኩሽም ማለት አይሆንብኝም?"

ፌስታሉን ተቀበልኳት። እኔም የምውጠው ያንኑ ነው፤ ካርቱም ሙሉ ስንከራተትለት የምንውለው መድኃኒት። ደስ አለኝ። ታቁመው፤ ያገርሽባት፤ እሷም ድንች ትቀቅል። ወዲያው ግን በሽታው የጣላት ያ ክረምት ትዝ አለኝ፤ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ ሐኪም ቤት ላደርሳት አዝዬ ረክሻ ባጃጅ ላይ የጫንኳት።

"ፀደይ፣ ካቆምሽው ይመለሳል ብሎሻል እኮ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ቀናሽብኝ አይደል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩርፊያሽን እያየሁ ነው። የኔ መዳን አልዋጥልሽ አለ።"

ልክድ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ከፊቴ ያስታውቃል።

"አዎ፣ ቀናሁ!" አልኳት። "ወላሂ ቀንቻለሁ! ተኝቼም ተነሥቼም የማስበው ያንቺን አንጀት ነው። እኔ ያጣሁትን አንቺ አግኝተሽ በገዛ እጅሽ ልታበላሺው? ጥላውን ለእመቤታችን አስገቢ፤ ስለትሽ ነው። ኪኒን አትዋጪ ያለችሽ ግን እሷ አይደለችም። ስትሳዪስ ኪኒን እየዋጥሽ አልነበር? ያኔ ተቀይማሽ ነበር?"

ፀደይ ጥላውን አልጋዬ ላይ አስቀመጠች። ከመሳቅና ከማልቀስ የቱን እንደምትመርጥ የጠፋት ትመስላለች። አንድ ኪኒን አውጥቼ ከውሃ ጋር አቀበልኳት።

"የሚቀናብኝ ሰው መድኃኒት ሲያስውጠኝ ዛሬ አየሁ" አለችና ዋጠችው። ፌስታሉንም መልሳ ያዘች።

በማግሥቱ ጥላው ሲገባ ከሁሉም በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት በሯ ላይ ቆሜ፣ ኪኒኗን እስክትውጥ ንቅንቅ አልልም። የምቀናበት አንጀት እንዳይጠፋብኝ።