የተራዎቹ ጎመኖች አሳዳጊ

በእርሻ ምርምር ጣቢያው የመስታወት ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው አርባ ጎመን። በቀኙ ክፍል ያሉት የተደከመባቸው ናቸው። ክሽክሽ የሚባለው፣ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ጠላት ሲነካው ለወገኖቹ «ሽሹ» የሚል ሽታ ይለቃል። ተመራማሪዋ ያንኑ ሽታ የሚያወጣ ዘረመል ከናና ወስዳ ጎመን ውስጥ አስገባች። በግራው ክፍል ያሉት ግን ተራ ጎመኖች ናቸው፤ ሥራቸውም መበላት ነው። እነሱ ካልተበሉ የቀኞቹ መትረፍ ምንም አያስረዳም።

ሁለቱንም ከዘር ጀምሮ ያሳደጋቸው አንድ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ችግኝ ሲያፈላ ስለኖረ ባልደረቦቹ «አሳዳጊው» ይሉታል። ሲያጠጣ ከችግኞቹ ጋር ያወራል፤ የሰማ ሁሉ ይስቅበታል።

ተመራማሪዋ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃው ነበር።

«አባባ፣ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳይረጩብኝ። አደራ።»

«በምድር በሰማይ!» አላት። ቃሉንም ጠበቀ፤ አንዲት ጠብታ አልረጨም።

ግን በየማለዳው ወደ ግራው ክፍል ሲገባ፣ ክሽክሹ የለጋውን ቅጠል ጀርባ ወርሮት ሲያይ አንጀቱ አልችል አለ። «እናንተስ ምን በደላችሁ?» ይልና ቅጠሉን ገልብጦ ተባዩን በአውራ ጣቱ ይደፈጥጠዋል። ጣት መቼም መድኃኒት አይደለም። አደራ በላሁ ብሎ አንድም ቀን አላሰበም።

ተመራማሪዋ በየሐሙሱ ተባዩን በማጉያ መነጽር ትቆጥራለች። ቀኝም ጥቂት፣ ግራም ጥቂት። ሽታው ሾልኮ ይሆናል ብላ በሩን በላስቲክ አሸገች፤ የአየር ማስወጫውን አስቀየረች፤ ምግብም አልበላ አላት። በሰባተኛው ሳምንት የጣቢያው ኃላፊ መጣና መዝገቡን አገላበጠ።

«ልዩነት የለም። ሰኞ ይዘጋል» ብሎ ወጣ። የአራት ዓመት ልፋት በአራት ቃል አለቀ፤ ኃላፊ ሲባል አጭር ንግግር ይወዳል።

እሷ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችና አለቀሰች። አሳዳጊው የውሃ ጎማውን እንደያዘ ሁሉን ሰምቷል። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ዝም አይነቅዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አስቦትም ነበር። ልቅሶዋ ግን አላስቻለውም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«የግራዎቹን ተባይ... በጣቴ እየገደልኩላቸው ነው።»

ቀና ብላ ጣቶቹን አየች። «በየቀኑ?»

«እሑድም እመጣ ነበር።»

ንዴትና ሳቅ አንድ ላይ መጡባት። «አባባ፣ ሲደፈጠጥ እኮ የሚወጣው ያው ሽታ ነው! ተራውን ጎመን ባለሽታ አድርገውልኝ ነው የከረሙት!»

ኃላፊውን ለምና አንድ ወር አስጨመረች። አሳዳጊውንም አላስነካችውም፤ ጥፋቱን የራሷ አድርጋ አቀረበች። ለእሱ አንድ ነገር ብቻ አለችው፦ ማጠጣት እንጂ መንካት የለም።

ያን ወር አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በአንድ እጁ እያጠጣ ከረመ። ማውራቱንም ተወ። በግራው ክፍል ቅጠሉ መጀመሪያ ተጨማደደ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ በሃያ ስድስተኛው ቀን አርባውም ተዘረሩ። ቀኞቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። አሳዳጊው በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ ደግሞም የሚያፍረው ጎመንን ስለሆነ ለማን ይናገረዋል?

ኃላፊው አጨበጨበ። ተመራማሪዋ እየሮጠች መጥታ አሳዳጊውን አቀፈችው።

«አተረፉኝ፣ አባባ! ሥራውን በሦስት እጥፍ እንድናሰፋው ተፈቀደ። አሁን መቶ ሃያ ተራ ችግኝ ያፈሉልኛል። እንደርስዎ አድርጎ የሚያሳድግ የለም።»

«ማሳደጉን አሳድጋለሁ፣ ልጄ። ሲጠወልጉ ቆሞ የሚያያቸውን ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«እንዴት?»

«በር ላይ ጥበቃ ጎድሏል አሉ። ችግኞቹ ቁመታቸው ስንዝር ሲሆን ወደዚያ አዛውሪኝ።»

ቀልዱን መስሏት ሳቀች። እሱ ግን ገና ጎመኖቹ ቢጫ ሲሆኑ ማመልከቻውን አስጽፎ ነበር፤ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።