ሎሚ ያደበዘዘው ድንጋይ

እንደ ማናየሽ አንጀቴን ያሳረረኝ ሰው የለም። እኔ ገሠሠ፣ እንጅባራ ላይ ብር ሳቀልጥ ያረጀሁ ሰው፣ እሷ ስለ ድንጋይ ልታስተምረኝ ትፈልጋለች!

ልጇ እንየው ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ማሳቸው ጥቁር ድንጋይ ሲሰብር ከውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ድንጋይ አገኘ። "እስክመጣ ያዥልኝ" ብሎ ለእናቱ ሰጣት። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷ ግን ድንጋዩ ካበራ ልጄ ደህና ነው፣ ከደበዘዘ ክፉ አግኝቶታል ብላ ቁጭ አለች። ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም!

መጀመሪያ ብር መስቀል ላይ ያስገቡልኝ ብላ ስታመጣው "አያ ገሠሠ፣ መረግድ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አይደለም። የዚህ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ዘይት የተቀባም ይመስላል። ጠርሙስ ይጭራል፤ እሳት ሲነካው ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን ሠርቼ አቀዘቅዝና ድንጋዩን መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ። ትተሽልኝ ሂጂ።"

"ልጄን ትቼ ልሂድ?"

"ኧረ በስመ አብ! ድንጋይ ነው እኮ አንቺ!"

ማን ሊሰማኝ! በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣዋለች፣ ቋጥራ ትመልሰዋለች። ልኩን በሰም ወስጄ የብር መስቀል ሠራሁላትና ድንጋዩን መሃሉ ላይ አስገባሁት። ስሸኛት ሦስት ጊዜ "ሎሚ እንዳታስነኪው" ብያታለሁ። ሦስት ጊዜ!

ሁለት ዓመት አለፈ። የጥር ጊዮርጊስ ሰሞን እያለቀሰች ገባች። "አያ ገሠሠ፣ ልጄ ሞተ!"

መስቀሉን ተቀበልኋት። ድንጋዩ ጭጋግ ለብሷል። አሸተትሁት፤ ሎሚ! ለበዓሉ ብሩ ይንጣልኝ ብላ ሁለት ቀን ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች።

"ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት አንቺ ነሽ! ሎሚ ብር ያነጣል፤ ይህን ድንጋይ ግን ይበላዋል! ድንጋይ ስለ ጦር ግንባር ምን ያውቃል?"

"ይበራልኝ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።"

"ይበራል! ቅዳሜ ነይ፤ አሁን ሂጂልኝ!"

አምስት ቀን ሙሉ በእርጥብ ቆዳና በደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ስፈትገው ሰነበትሁ። እሷንም ሎሚውንም ረገምሁ። በመጨረሻ በራ።

ዓርብ ዕለት የሰፈሯ ሽማግሎች ሁለት ሆነው መጡ። ለገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ ደርሷል። እንየው የለም። መርዶው እሑድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል። ነገ እኔ ዘንድ እንደምትመጣ ሰምተዋልና፣ እስከዚያ ቃል እንዳይወጣኝ ለመኑኝ። እሺ አልሁ።

ቅዳሜ መጣች። መስቀሉን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው፤ ፊቷ ፈካ።

"ይኸው! አላልሁም? ልጄ ደህና ነው!"

ሁለት ዓመት የጮህሁበት ነገር ነው። ድንጋይ ምንም አያውቅም ልላት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁትና በርጩማ ሳብሁላት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

"አዎ፣" አልኋት፣ "ደህና አርጎ በርቷል፣ ማናየሽ። ቁጭ በይ እስቲ፣ ደክሞሻል።"

አልተቀመጠችም። መስቀሉን ደረቷ ላይ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

"አያ ገሠሠ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ዛሬ ምነው ሳይቆጡኝ?"