ቀዩን ጨርቅ ማን ፈታው

ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ጠዋት ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ ግን መኪናው ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ባሌ ይነዳል። አማቼ ከጎኑ ክራቫታቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ የባሌን ማጅራት እያየሁ ደሜ ይፈላል። ወንድሜ በእግሬ ይሻለኛል ብሎ ቀድሞን ወጥቷል። ምን ያድርግ፣ ሊቀብረው ከተዘጋጀ ሰው ጋር ይሳፈር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋራዡን የከፈቱት አማቼ ናቸው፤ አሁን የሚያስተዳድረው ባሌ ነው። ወንድሜ እዚያው መካኒክ ነው፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ብሎን ይሉታል። አማቼ በጉልበታቸው ዘመን አንድ ደንብ አውጥተው ነበር። ሥራው ያላለቀ መኪና መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ጨርቁን የሚፈቱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ፍሬኑን ረግጠው፣ ጎማውን ነካክተው፣ ከዚያ በኋላ ይፈቱታል። ጨርቅ የሌለበት መኪና ቁልፉ ለባለቤቱ ይሰጣል።

አሁን አርጅተዋል። ዓይናቸው ከመድከሙ የተነሳ ሻይ ሲቀዱ ግማሹን ጠረጴዛው ነው የሚጠጣው። ታዲያ ማን ደፍሮ "አባባ፣ ይብቃዎት" ይበላቸው? ይሉኝታ ያዘን። መካኒኮቹ ራሳቸው ፈትሸው ይጨርሱና ጨርቁን ለሳቸው ይተዉላቸዋል። እሳቸው ጎንበስ ቀና ብለው ይፈቱታል፣ እኛም "ዕድሜ ይስጥልን" እንላለን። ደስ ይላቸዋል ብለን ነዋ።

አንድ ቀን ብሎን የአንድ ነጭ መኪና ፍሬን ፈታ። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ተበልታለች። ጨርቁን መሪው ላይ አስሮ አዲስ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ መደብር ሄደ። ሲመለስ መኪናው የለም። ለካ አማቼ ጨርቁን ፈትተውታል። ባሌ ሲፈቱ በቢሮው መስኮት አይቷቸዋል፤ ባለመኪናው ሲመጣም ደንቡ ነውና ቁልፉን ሰጥቶታል። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ አልቆም አለ። ታች አውቶቡስ የምትጠብቅ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቀኝ እግሯን ከአጥር ግንብ ጋር አጣበቀው። የስፌት መኪናዋን የምትረግጥበት እግር ነው።

ሴትዮዋ ጋራዡን ከሰሰች። ጠበቃችን ከችሎቱ በፊት በነበረው ምሽት እራታችንን እየበላ ነገሩን አቀለለው። ሠራተኛ ሥራው ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው አሠሪው ነው አለ። ነገር ግን ብሎን ጉርሻ ፈልጎ፣ ማንም ሳይፈቅድለት፣ በገዛ እጁ ጨርቁን ፈትቶ መኪናውን አሳልፎ ሰጠ ከተባለ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፤ ጋራዡም ነጻ ይወጣል። ይህን ብሎ ሳህኑ እንዲሞላለት ዘረጋ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ሞላለት፤ ሊስማማ እንደሆነ ገባኝ።

ጠበቃው እንደወጣ ባሌ ላይ ጮህኩበት። ወንድሜን ከዚህ በኋላ ማን መካኒክ ብሎ ይቀጥረዋል፣ ሌባ አድርገህ ልትሸኘው ነው ወይ አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ፣ "አባቴን በአደባባይ ዕውር ናቸው ልበል?" አለኝ። አማቼ ምራት ሳይሆን ልጅ ብለው የያዙኝ ሰው ናቸው። በወዲያም ቢሉ በወዲህ የሚነደው የኔው ቤት ነው። ለሳቸው የነገርናቸው ፍሬኑ በራሱ ተበላሸ ብለን ብቻ ነበር። ቤት ይቆዩ ብንላቸውም የጋራዤ ስም ሲጠራ ከቤት ሆኜ አልሰማም ብለው እንቢ አሉ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ልብስ ሰፊዋ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የተተረተረ እጅጌዬን ታያለች፤ የሙያ ነገር ሆኖባት ይሆናል። እጄን ሸሸግኩ፤ አፈርኩ።

መጀመሪያ ብሎን ቆመ። ጨርቁን አስሬ ሄድኩ፣ ስመለስ መኪናው የለም አለ። ጠበቃችን ጉርሻ ተቀብለህ ነው ብሎ አፋጠጠው። ማን እንደፈታው ስላላየሁ የማንንም ስም አልጠራም አለ ወንድሜ። ከአማቼ በቀር ጨርቅ የሚፈታ እንደሌለ ልቡ ያውቀዋል፤ ግን ሙያ ያስተማሩትን ሰው አፉ ላይ አላመጣም።

ቀጥሎ ባሌ ተጠራ። ከዋሸ ቤቱ አልመለስም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ጠበቃው መልሱን በኪሱ እንደያዘ ሰው ፈገግ ብሎ ጨርቁን የፈታው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ባሌ በመጀመሪያ ዘይት የጠገቡትን የወንድሜን እጆች አየ፤ ቀጥሎ ክራንቹን አየ።

"አባቴ ናቸው" አለ። "ዓይናቸው አያይም። አውቅ ነበር።"

ጠበቃው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እያወቁ ለምን አልከለከሏቸውም?"

"አባቴ ናቸዋ።"

"እርስዎ አባትዎ እንዳይከፉ ሲጠነቀቁ፣ ለዚህች ሴት ማን ይጠንቀቅላት?"

ይሄኔ ከጎኔ ወንበር ተንቋቋ። አማቼ ተነስተዋል። ዳኛዋ ልታስቀምጣቸው እጇን አንስታ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

"ልጄ" አሉ የባሌ ድምፅ ወደመጣበት ዞረው፣ "እኔ'ኮ ፍሬን ከረገጥኩ ቆየሁ። እናንተ ፈትሻችሁ ጨርሳችሁ፣ ለክብሬ ብላችሁ የምትተዉልኝ መስሎኝ ነው። እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው የምፈታው።"

ክው አልኩ። እኛ ለሳቸው ብለን፣ እሳቸው ለእኛ ብለው፤ ያን ቀን ፍሬኑን ረግጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ዳኛዋ ብሎን እንደደንቡ ሠርቷል፣ ጥፋት የለበትም አለች። ጉዳቱን የሚክሰው ጋራዡ ነው፤ አደጋ እንደሚመጣ እያወቀ ያልተጠነቀቀው እሱ ነውና። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባሌ አጠገቡ ሄዶ ቆመ፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም።

ስንወጣ አማቼ መተላለፊያው ላይ እጄን ያዙኝ። ከዚያ በፊት ማንንም ምሩኝ ብለው አያውቁም። "ልጄ፣ ወደ ሴትዮዋ ውሰጂኝ" አሉኝ። ወሰድኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ይቅርታ ለመኗት። ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም፣ ይቅር ብያለሁም አላለች።

"ፍሬኑን አንዳችሁ እንኳ ብትረግጡት ኖሮ" አለች፣ "እኔ ዛሬ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ነበር።"

ክራንቿን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አማቼ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ እስከ መኪናው ድረስ እጄን ይዘው ሄዱ።