የአራት ልጆች አባት

የአቶ ኦይታ አስከሬን ከሆስፒታል እስኪመጣ፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ክርክሩ ስለ ሕይወት ታሪካቸው ሆነ።

ታሪኩን የጻፈው ከአዲስ አበባ የመጣው የበኩር ልጃቸው አሮን ነው። ቀብሩ ላይ የሚያነበው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሲላስ። ሲላስ ጽሑፉን አየት አደረገና፣ «ሻሺቱስ?» አለ።

ሻሺቱ ከጀርባቸው ወንበር ትደረድራለች። አቶ ኦይታ ከሸክላ ሠሪ ሴት እንደወለዷት በጫኖ ሙዝ የሚጭን ሁሉ ያውቃል። ሸክላ ሠሪ ቤት እህል አይቀመስም፤ ማሰሮው ግን ይገዛል።

«እሷን ኦሚት እናድርጋት» አለ አሮን። የሸክላ ሠሪ ልጅ እንግሊዝኛ አይገባትም ብሎ ይሆናል። ሻሺቱ ግን እንጀራዋ ያው እንግሊዝኛ ነው፤ አርባ ምንጭ ታስተምራለች።

«ማለት?» አለ ሲላስ።

«መካድ እኮ አይደለም ወንድሜ። እንዳይረዝም መተው ነው።»

ሻሺቱ ወንበሩን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ቃሉን አውቀኸው ነው? ኦሚት የሚደረገው መኖር የነበረበት ነገር ነው። ከሻይ ስኳሩን ብትተው ኦሚት አደረግህ ይባላል፤ በርበሬ ስላልጨመርህ ማን ምን ይልሃል? እኔን ኦሚት ካደረግኸኝ ልጁ ነኝ ማለት ነው። ልጁ ካልሆንሁ ደግሞ የምትተወው ምኑን ነው?»

ሲላስ ሳቁን በሳል አሳለፈው። አሮን መጥፎ ነገር እንደሸተተው ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«እህት ሻሺቱ፣ የሐዘን ቀን ነው። ‹ያሳደጓት› ብለን መጨረሻ ላይ እናስገባሽ። ይሻላል?» አላት አሮን።

እህት ያላት በጉባኤ ሴቱን ሁሉ በሚልበት አፉ ነው። ምራቋ አፏ ድረስ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ነውና ዋጠችው። ያሳደጓት! ሰው ድመትም ያሳድጋል።

«እሱንም ኦሚት አድርገው» አለች።

መቃብሩ ላይ ሲላስ «የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ ሲያነብ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። ቀጥሎ ልጆቻቸው የአበባ ጉንጉን እንዲያኖሩ ተጠሩ። አራቱ ጉንጉኑን ያዙ። ሻሺቱ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በአሮን በኩል ጨበጠችው። ተይ የሚላት የለም፣ አይዞሽ የሚላትም የለም።

ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አዞረ። አሮን ማልቀሱን ሳያቋርጥ፣ በከንፈሩ ጫፍ፣ «ኤዲት ሲደረግ ትወጫለሽ» አላት።

ጣቷ ጣቱን ነካው። እጁን መንጠቅ አድርጎ በመሐረብ ጠረገው፤ በደንብ፣ በየጣቱ መካከል ሳይቀር። አየችው። ይህ እጅ ነው እንግዲህ አባቷን አፈር የሚያለብሰው።

ጉንጉኑን ሳብ አድርጋ ከሦስቱ ጋር ወደ ጉድጓዱ ሄደች። አሮን መሐረቡን እንደያዘ ካሜራው ፊት ቀረ።