ስድስት ትልም በፕላውን ሱራ

ጃኬን ሐሳቡን ለማኅበሩ ያቀረበው የማንንም ዓይን ሳያይ ነው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ ጓንቱን እያወለቀ መልሶ እያጠለቀ፣ "ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ማንኛውም አባል" አለ፣ "ዛሬ ትልሙ መጨረሻ ከወጣ የክብር አባልነትን በደስታ ይቀበላል።"

"በደስታ" የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደገማት።

ሰራይና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን መቆለፊያ እያጠበቀች ነበር። ቀና አላለችም። "ማንኛውም አባል" የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያሻም። በኤንጋዲን ሸለቆ ሰው ሲያፍር ስም አይጠራም፤ ሕግ ያወጣል። እሷ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ግንቦት ግራ ጉልበቷ ተከፍቶ ብረት ገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ መንደሩ በሙሉ ደረጃ ላይ ባገኛት ቁጥር ክንዷን ይይዛል። አርባ ዓመት ላም ስታዋልድ የኖረች የከብት ሐኪም ናትና፣ ሰው በሐዘኔታ ሲደግፋት ላሟ ምን ይሰማት እንደነበር አሁን ገብቷታል።

"ጥሩ ሕግ ነው" አለች። "መዝገብ ላይ ይስፈር።"

"ሰፍሯል" አለ ጃኬን፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ።

የክብር አባል ማለት የበግ ለምድ፣ ፉጨት ማሰሚያ ፊሽካና በገመድ ወንበር ሰው ተራራ የሚያወጣው የሊፍት ጎጆ ደጃፍ ላይ ያለ አግዳሚ ነው። የክብር አባሉ ለምዱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ የሌሎቹን ካፖርትና የሻይ ቴርሞስ ይጠብቃል፤ ሁሉም በጣም ያከብሩታል። እስካሁን ሁለት ሰዎች ይህ ክብር ደርሷቸዋል። ከዚያ አግዳሚ ተነስቶ ወደ ሰሌዳው የተመለሰ ግን አልታየም።

ስድስት ናቸው። ወጣት ሳሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት እግራቸውን አስረው በበረዶ ሲወርዱ፣ በሁለት ሰሌዳ የሚንሸራተቱት ስኪ ነጂዎች አብደዋል ብለው ሊፍት ከልክለዋቸው ነበር። አሁን ሊፍቱ አይከለክላቸውም፤ ወጣቶቹ ግን ለስላሳ ጫማ አድርገው እየዘለሉ፣ የእነሱን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጫማና ቀጭን ረጅም ሰሌዳ ሲያዩ ፎቶ እናንሳ ይላሉ። ስድስቱ አይዘልሉም። እነሱ የሚያውቁት ሥራ አንድ ነው፤ ሰሌዳውን በጠርዙ ማቆም። ጠርዙን ያመነ ሰው ሰሌዳው በረዶውን እንደ ማረሻ ይሰነጥቅለታል፤ ከኋላውም ከሁለት ጣት የማይሰፋ ጥልቅ ትልም ይቀራል። የፈራ ሰው ግን ሰሌዳውን በእግሩ ይገፋዋል፤ ያኔ ሰሌዳው ይጠርጋል። ጠረገ መባል በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሰው ፊት የማይወራ ነገር ነው።

በየዓመቱ የየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ፣ ሊፍቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ ማሽኑ ሌሊት አበጥሮት ባደረው የፕላውን ሱራ ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ አንድ ትልም ያወጣል። ሲወርድ ማንም አያየውም። ሁሉም ጀርባውን ያዞራል። ሰው አወራረዱ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ በረዶው ግን ስለ አማረ ሰው ብሎ አይዋሽም ይላሉ። ስድስት የቀርከሃ ዘንግ ስድስት መንገድ ይለያል፤ የትኛው የማን እንደሆነ በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣውን የሚያውቀው ሊፍት ጠባቂው ብቻ ነው። የዘንጎቹ ቁጥር የሚታየው ከታች ብቻ ነው፤ ከታች ሲታዩ ደግሞ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ፣ ወራጁ ራሱ የትኛው የእሱ እንደሆነ ይምታታበታል። ሁሉም ከወረዱ በኋላ በአንድ ወንበር ተሳፍረው ወደ ላይ እየወጡ ከሥራቸው የተዘረጋውን ያነብባሉ።

የዘንድሮው ሊፍት ጠባቂ ዛካሪያሽ የሚባል ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፖርቱጋላዊ ነው። ዕጣውን በባርኔጣው ይዞ ጫፉ ላይ ሲያዞር ሰራይና ዘንድ ደረሰና ጎንበስ አለ።

"እርስዎም ያንሱ፣ እመቤቴ።"

"ዛካሪያሽ፣ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ አንቱታ የለም። ሰው አልነገረህም?"

"ነግረውኛል። ለእርስዎ ግን..."

"ለእኔ ግን ምን?"

ዛካሪያሽ ባርኔጣው ውስጥ መልስ ያለ ይመስል አየው። "አንሺ" አለ በመጨረሻ።

የታጠፈውን ወረቀት ሳትከፍት መለሰችለት፤ ዛካሪያሽ ለብቻው አራት ብሎ ጻፈና ዘንጉን አሳያት።

ተራዋ ሲደርስ ገና ያልወረዱት ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው ቆሙ። ሁለቱ የዳቦ ጋጋሪ ወንድማማቾችና ብሪዳ ናቸው፤ ብሪዳ ዘንድሮ ስልሳ የሞላት የመዘምራኑ መሪ ናት፣ ስትፈራ ታንጎራጉራለች። አሁንም እያንጎራጎረች ነው።

ሰራይና ዘንጉ ሥር ቆመች። ጉልበቷ እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ከኅዳር ጀምሮ ታውቃለች። ታኅሣሥን በሙሉ ማልዳ ብቻዋን እየመጣች፣ ሲጥላት እየተነሳች፣ አንድ ነገር ተምራለች። ወጣት ሳለች በጉልበቷ ታዝዘው የነበረውን ሰሌዳ አሁን ከዳሌዋ ትጠይቀዋለች፤ ከጠየቀችው በኋላ ደግሞ ትጠብቀዋለች። መጠበቁ ነው ከባዱ። በሃያ አምስት ዓመቷ ይህን የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ አትሰማውም ነበር።

ለቀቀችው።

ሰሌዳው የሁለት ሰው ቁመት ያህል ርቀት ቀጥ ብሎ ወርዶ ፍጥነት ያዘ። ዳሌዋን ወደ ግራ ጣለች፤ ጠበቀች፤ ጠርዙ ነከሰ። የበረዶው ወለል ወደ ፊቷ ተነሳ፤ ጓንቷ መሬቱን ነካ፤ ጆሮዋ ውስጥ ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ መጣ። ወደ ቀኝ። ድምፁ ያው። ሦስተኛውን ስታዞር ፈገግ ማለቷን አወቀች፤ ጥርሷን ብርድ መታው። አምስተኛው ላይ የጥድ ጥላ የወደቀበት ቦታ በረዶው መስታወት ሆኖ ጠበቃት፤ ሰሌዳው የእጅ መዳፍ ለሚያህል ርቀት ተንቀጠቀጠና እንደገና ያዘ። "አየሁህ" አለችው ጮክ ብላ፣ ሰሌዳውን ይሁን ጥላውን ሳትለይ። ቀሪዎቹን አራት መታጠፊያዎች እንደ ጀመረችው ጨረሰቻቸው።

ታች ጃኬንና ኩርዲን ለጎጆው ግድግዳ ፊታቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች። ኩርዲን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያዳምጠው ስለለመደ አሁን የሚናገረው ጥቂት ነው።

"ደህና ነሽ?" አለ ጃኬን ሳይዞር። ድምፁ የሆስፒታል ኮሪደር ድምፅ ነበር።

"ምን እሆናለሁ?"

"ጉልበቱን ማለቴ ነው።"

"እሱም ደህና ነው። ሰላም ብሎሃል።"

የመጨረሻዋ ብሪዳ ወርዳ ስድስቱም ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሊፍቱ አነሳቸው። ፀሐይ ከጀርባቸው እየወጣች ስለነበር እያንዳንዱ ትልም ጥላ ይዞ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጃኬን ጉሮሮውን ጠረገ። ሠላሳ ዓመት የፖስታ አውቶቡስ ሹፌር ነበርና፣ ዛሬም ከፊቱ ያለውን ሁሉ ለተሳፋሪ እያስታወቀ ነው የሚኖረው።

"አንድ ቁጥር" አለ፣ "ጥሩ ነው፤ ሁለት ቦታ ሰፍቷል። ሦስት ቁጥር ከላይ ጠርጓል፣ ይቅርታ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም።"

ከዳቦ ጋጋሪዎቹ አንዱን ሳል ያዘው።

"አራት!" አለች ብሪዳ። "አራትን እዩት። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ካለችው ከትንሿ ነገር በቀር ክር ነው።"

"የኩርዲን እጅ ነው" አለ ጃኬን በእርግጠኝነት። "ይሄ የጥርስ ሐኪም ሥራ ነው።"

ኩርዲን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሕጉን አስታውሶ ዘጋው። ሰራይና የጓንቷን ስፌት ታይ ጀመር።

"ሁለት ቁጥር..." አለ ጃኬን፤ ድምፁ ወረደ። ሁሉም ወደ ሁለት ቁጥር አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ሌላ ቦታ አዩ። ትልሙ በየመታጠፊያው፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ጭረት አለበት። ከጭረቱ ቀጥሎ ሰሌዳው ስቶ ጠርጓል። አንድ ቦታ ላይ ዳሌ በረዶውን ነክቶ ያለፈበት ዱካ አለ።

"ጉልበት ነው" አለ ጃኬን በሹክሹክታ። "እግር ሲከዳ እንዲህ ነው። ምንም ማድረግ አይቻልም።" እጁን ዘርግቶ የሰራይናን ክንድ ጨበጥ አደረገ። "ለምዱ አዲስ ነው እኮ። ከኮርቫትሽ ተራራ ማዶ ካለ እረኛ ነው የገዛነው። ይሞቃል።"

ሰራይና ሁለት ቁጥርን ደግማ አየችው። ላም ስታነክስ ባለቤቱ ሁልጊዜ ትከሻዋን ነው የሚያሳየው፤ ችግሩ ግን ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ኮቴዋ ላይ ነው።

"ዘንድሮ ጫማ የለወጠ አለ?" አለች።

"ጫማ?" አለ ጃኬን። "እኔ ለገና ለውጫለሁ፤ ጣቶቼ ስለሚያብጡ አንድ ቁጥር ጨመርኩ። ምን አገናኘው?"

"ምንም። ዝም ብዬ ነው።"

"በይ ድምፅ እንስጥ። መጨረሻ የሚወጣው የትኛው ነው?"

"ሁለት" አሉ አምስቱ፣ እንደ ቀብር ላይ መዝሙር።

"እኔ ሁለት አልልም" አለች ሰራይና። "ጭረቱን ተዉትና ትልሙን እዩት። ጥልቀቱን እዩ። ጥርጊያው ሁሉ የመጣው ከጭረቱ በኋላ ነው። ይህ ሰው ጠርዙን ያምናል። የሆነ ነገር ነው ያደናቀፈው። መጨረሻው ሦስት ነው።"

"ሰራይናዬ" አለች ብሪዳ በርኅራኄ፣ "ለራስሽ ድምፅ አይሰጥም።"

"ለራሴ አልሰጠሁም።"

"እሺ፣ እሺ" አለ ጃኬን፣ ክንዷን አሁንም እንደያዘ። "ተረድተንሻል።"

ጫፉ ላይ ዛካሪያሽ ወረቀቱን ይዞ ጠበቃቸው። ጃኬን አባላቱን ግማሽ ክብ አድርጎ አሰለፈ፤ ለምዱንም ማንም ሳያዝዘው ከታች ይዞት መጥቶ ኖሮ ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ።

"ሁለት ቁጥር" አለ፣ "ስሙን ወይም ስሟን አንብብልን።"

ዛካሪያሽ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፤ እንደገና አነበበ። "ጃኬን" አለ። "አራት፣ ሰራይና።"

ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ታላቁ፣ "የጃኬን ሰባ አንድ ዓመት ከስልሳ አምስት በላይ ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ ሒሳብ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነው።

ጃኬን ለምዱን አየው። እውነትም አዲስ ነበር። ሲወርድ ያንገጫገጨውን ነገር መስታወት የሆነ በረዶ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነዳ የኖረበት መንገድ ላይ አውቶቡሱን ጉድጓድ የከተተ ሰው መልክ ነው።

"ሕግ ሕግ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "በደስታ..."

ሰራይና ልትስቅበት ትችል ነበር፤ ጠዋቱን በሙሉ ስታጠራቅመው የነበረ ሳቅም አላት። ግን ሰውየው አግዳሚው ላይ፣ ለምዱ ጉልበቱ ላይ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታያት፤ አንድ ዓመትም እንደማይቆይ እንደ ሐኪም አወቀችው።

"ዛካሪያሽ፣ ጎጆህ ውስጥ መፍቻ አለህ?"

"አለኝ፣ እርስ... አለኝ።"

"አምጣው። ጃኬን፣ አንተ ደግሞ ሰሌዳህን በረዶው ላይ አስቀምጥ። ጫማህን በማሰሪያው ላይ አድርግ። ኑ፣ ሁላችሁም እዩ።"

ተንበርክከው አዩ። የአዲሱ ጫማ አፍንጫ ከሰሌዳው ጠርዝ አንድ ጣት ወጥቶ ነበር። ሰሌዳው በተኛ ቁጥር ያች አፍንጫ ከጠርዙ ቀድማ በረዶ ትጭራለች።

"ጫማ ቀይረህ ማሰሪያህን በድሮው ማዕዘን ተውከው" አለች ሰራይና። "አርባ ዓመት በዚህ ሰሌዳ ኖረህ! ይሄን የሚሳሳት የመጀመሪያ ሳምንት ተማሪ ነው።"

"ማዕዘኑ አርባ ዓመት ያው ነው" አለ ጃኬን። "ለምን እቀይረዋለሁ?"

"እግርህ ያው አይደለማ፣ አንተ ግትር!"

ብሎኖቹን ራሷ ፈታች፤ ማሰሪያዎቹን ወደ ፊት ጠምዝዛ መልሳ አጠበቀች። ከስድስተኛው ዘንግ ወዲያ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ ማንም ያልነካው አንድ ሰው የሚያወርድ ጠባብ ንጣፍ ቀርቷል። ሕዝቡ ሊመጣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረው።

"ውረድ" አለችው።

"ድምፅ ተሰጥቷል እኮ።"

"ድምፅ የሰጠነው ለጫማህ ነው። አሁን ለአንተ እንሰጣለን።"

ጃኬን እግሩን አስገባ። ዘንጉ ሥር ቆሞ ዞር ብሎ አያቸው። ከልማድ ሁሉም ጀርባቸውን ሊያዞሩ ጀመሩ። ሰራይና አልዞረችም፤ ብሪዳ ይህን አይታ አቆመች፤ ሌሎቹም ቆሙ። ጃኬን በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሰው እያየው ወረደ። አወራረዱ እንዳማረ ያኔ አወቁ። ወፍራም ሽማግሌ ነው፣ ክንዱን እንደ መሪ ይዞታል፤ ከኋላው ግን ክር ቀረ፤ ጭረት የለበትም።

ኩርዲን የመዝገቡን ደብተር ከቦርሳው አወጣ። በዚህ ጠዋት የተናገረው የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ "ሕጉን እንሰርዘው ወይስ ጫማን የሚመለከት አንቀጽ እንጨምርበት?"

"አንቀጽ እንጨምር" አለች ብሪዳ። "ሰረዝን ማለት ተሳስተናል ማለት ነው።"

"ሰራይና፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አለ ኩርዲን እርሳሱን አሹሎ። "ሰራይና?"

ዘንጎቹ ጋ አልነበረችም። በስድስተኛው ትልምና በጃኬን አዲስ ትልም መካከል በቀረችው ክንድ በምታህል ንጣፍ ላይ ሦስተኛውን መታጠፊያ እያዞረች፣ ጓንቷ በረዶውን ነክቶ ነበር።